ሳይከራከሩ የተገዛው ባና

የራሰ ባና ሽታው አይረሳም። ዝናብ የመታት በግ የምትሸተውን ይሸታል፤ በዚያ ላይ የጎጆ ጭስና የገብስ እብቅ አለበት። የልጅ ልጄ ከፍላቂት ገበያ ገዝታ ያመጣችውን ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ መንገድ ላይ ዝናብ አግኝቶት ስለነበር፣ ሽታው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። እጄ ቅጠሉ ላይ ቀረ።

«እማማ! ነይ እይ! ባርጌን ነው ያገኘሁት!» አለች ከደጅ።

«ምን አገኘሁ አልሽ?»

«ባርጌን! በርካሽ ማለቴ ነው።»

«ባርጌን ክርክር ነው እንጂ ርካሽ አይደለም» አልኳት ጎመኑን እንደያዝኩ።

ክው ብላ አየችኝ። ልጅቷ እዚህ ላሊበላ ከሆቴሉ አጠገብ ካለው የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው የምትሠራው። እንግሊዝኛ የእሷ እንጀራ ነው። ከእኔ አፍ እሰማለሁ ብላ አላሰበችም። ከዚያ ሳቀችና እንደ ተማሪ አስቀምጣ ታስረዳኝ ጀመር። ሁለቱንም ነው አለች። ዋጋ መከራከሩም ባርጌን ነው፤ ተከራክረሽም ይሁን ዕድል ቀንቶሽ በርካሽ የያዝሽው ዕቃም ባርጌን ይባላል። ሥራ ቦታ ከጠዋት እስከ ማታ እንለዋለን፤ እንግዳው «ባርጌን ይቻላል?» ይለናል፣ እኛ «ትንሽ» እንለዋለን። እንግዳ ቀንሶ ሱቁ በቀዘቀዘበት በዚህ ጊዜ ደግሞ «ትንሽ» ያልነው ብዙ ይሆናል አለች።

«ይሁን» አልኳት። «ሴትዮዋ ስንት ጠራችልሽ?»

ነገረችኝ።

«አንቺስ ስንት ሰጠሻት?»

«ግማሹን ነዋ! የጠሩልሽን ለሁለት ክፈይው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ተከራከረችሽ?»

«ኧረ ምንም! አንድ ጊዜ ጠራች፤ ግማሹን አልኳት፤ ዝም አለች፤ ጠቅልላ ሰጠችኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ባናውን እዳብሳለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ። «ዝም አለች» ያለችው ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከገነተ ማርያም በላይ፣ ብርዱ ከሚጠናበት ደጋ ላይ ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አባቴ ገብስ ያርሳል፤ እናቴ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ጥቁሩን ከጥቁር፣ ግራጫውን ከግራጫ ለይታ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ቤቱ በብናኝ ይሞላና በበሩ የሚገባው ብርሃን ጭጋግ ይመስላል። ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቃታለች። የእንዝርቷ እሹሩሩ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሸማኔው ሠርቶ ሲመልሰው ደግሞ በትኩስ ውሃ እየዘፈዘፈች በእግሯ ትረግጠዋለች፤ እንዲጠጥርና ውሃ እንዳያሳልፍ ነው። አንድ ባና ከክረምት እስከ ገና ይፈጅባታል።

እኔ ይህ በሆነበት ዓመት ላሊበላ ከተማ አራተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። ከመንደራችን የመጣን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የምቀመጠው ከአባቴ የአክስት ልጅ ቤት ነው፤ ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ባለ ጠላዋ ልበላት። መኝታዬንና እራቴን የምትችለው በነፃ አልነበረም፤ አባቴ ከአሮጌው ገብስ ይሰፍርላት ነበር። እስከ ገና ድረስ ሰፈረላት። ከዚያ በኋላ የሚሰፈር አልነበረም፤ አዲሱን ገብስ ለአጨዳ ሲደርስ በረዶ መታው። ጠዋት ወጥተን ስናየው ማሳው በእንጨት የተደበደበ ይመስል ነበር።

አባቴ ቁጭ ብሎ ፈረደ። የአባቴ ፍርድ ይግባኝ አልነበረውም።

«ባናው ይሸጥ» አለ። «መጀመሪያ የበልግ ዘር ይገዛበት። ከዘሩ የተረፈ ካለ የእሷ ነው፤ ከተማ ትቀመጥበት። ካልተረፈ ትመለስ።»

የዘሩ ዋጋ አስራ ስምንት ብር ነበር። ቁጥሩን ያወቅኩት እናቴ ሌሊቱን በሙሉ እንደ ዳዊት ስትደግመው ስላደረች ነው።

የገና ሰሞን ቅዳሜ ወደ ገበያ ይዛኝ ወረደች። ከተማው በተሳላሚ ሞልቶ መርገጫ አልነበረም። ቀዩ አፈር በነጭ ልብስ ተሸፍኖ፣ ከበሮው ከፍልፍሉ ቤተ ክርስቲያን ጉድጓድ ውስጥ እየተመታ፣ የዋሻው ሻማ ሽታና የሰው ላብ ተቀላቅሎ ነበር። እናቴ ባናውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ከጎኗ ጨው የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ምላሷ ከጨው የሚብስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ገበያ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም። ሰላምታ በሉት። ሻጭ እጥፉን ይጠራል፣ ገዢ ግማሹን ይላል፣ ሻጭ «አንተ ሰው ጤና የለህም?» ይላል፣ ገዢ ትቶ ይሄዳል፣ ሻጭ ይጠራዋል፤ እንዲህ እየተገፋፉ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ማንም ውሸታም አይባልም፤ ሁለቱም እጥፍ መሆኑን ያውቃሉና። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ግን ወይ ሰክሯል፣ ወይ ንቆሃል።

እናቴ እጥፉን ስትጠራ ገዢውን ዓይን ለዓይን ነበር የምታየው፤ ሽፋሽፍቷ አይርገበገብም። እውነተኛው ዋጋ ከአፏ ሲወጣ ግን ዓይኗ ይሸሻል፤ ወይ መሬቱን፣ ወይ ዕቃውን፣ ወይ እኔን ታያለች። ይህን ከእኔ በቀር ያወቀባት አልነበረም። ገበያ ስንወርድ ገዢ ቢያውቅባት ጉዳችን ነው እያልኩ እፈራ ነበር።

ፈረንጂቱ የመጣችው ፀሐይ ስትከር ነው። ፀጉሯ ሽበት የጀመረው፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ሴት ነበረች። ጎንበስ ብላ ባናውን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ፊቷን ቀብራ አሸተተችው። የእኛ ሰው ባና አይሸትም፤ ምን ይሸታል ብሎ! እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው።

«ስንት ነው?» አለች በአማርኛ።

እናቴ ዓይኗን አፍጥጣ «ሰላሳ!» አለች።

ፈረንጂቱ ጣቶቿን ሦስት ጊዜ ዘርግታ አረጋገጠች። ከዚያ ሰላሳ ብር አውጥታ እናቴ እጅ ላይ አኖረች፤ ባናውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች። አለቀ።

የእናቴ አፍ «አንቺ ሴት ጤና የለሽም?» ለማለት ተከፍቶ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ።

«እሰይ!» አለች ጨው ሻጯ። «ያንቺስ ገና ዛሬ ነው! በይ ቋጥሪው፤ ሳትመለስብሽ ተነሺ።»

የእኔን ልብ አትጠይቁኝ። ሰላሳ! ዘሩ ተገዝቶ አስራ ሁለት ብር ይተርፋል። አስራ ሁለት ብር እስከ ሰኔ አይደለም፣ እስከ መጪው መስከረም ያስቀምጠኛል። አምስተኛ ክፍል በዓይኔ መጣ።

እናቴ ብሩን በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረች። ፈታች። እንደገና ቋጠረች።

«ምን አድርጌያት ነው?» አለች።

«ምን ታደርጊያታለሽ? ሸጥሽላት!» አለች ጨው ሻጯ።

«አልሸጥኩላትም። አልተከራከረችኝም እኮ። ለማኝ መስያት ነው? ወይስ ዋጋው እውነት መስሏት ነው?»

«ቢመስላትስ! ፈረንጅ አይደለች? ገንዘብ እንደሆን አላነሳት።»

«ስለበዛላት ልስረቃት?» አለችና ተነሣች። «እኔ ሰላሳ ያልኩት አስራ አምስት እንድትለኝ ነው። ካላለችኝ ሰርቄያታለሁ። ነይ አንቺ፣ ተነሺ።»

ጨው ሻጯ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ማርያምን፣ የደጋ ብርድ ራስ ላይ ይወጣል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር!» ስትል ሰማኋት። እናቴ እኔን እጄን ይዛ ሰዉን እየገፋች ወጥታለች።

ያን ቀን የሮጥነውን ሩጫ አልረሳውም። ገበያውን ዞርነው፤ የለችም። ፈረንጆቹ ወደሚያርፉበት ቤት ወጣን። ዘበኛው መኪናው ሰዎቹን ወደ አውሮፕላን ሜዳ ሊወስድ መሆኑን፣ እሷ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ቤተ ጊዮርጊስን ልይ ብላ መውረዷን ነገረን። ወረድን። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተሳላሚው ጥጥ የተነደፈበት ሜዳ መስሎ ነጭ በነጭ ሆኗል። እናቴ ዓይኗ በብናኝና በጭስ ደክሞ ስለነበር ከሩቅ ሰው አትለይም። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወዲህ ወዲያ ብትል አልሆነላትም። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

እኔ ግን አየሁ። ከዚያ ሁሉ ነጭ መካከል አንድ ጥቁር ነገር ነበር፤ ባናችን ነው። ከማዶ ከወይራው ሥር።

«አየሻት?» አለች እናቴ።

የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምን እንደማጣ አሳምሬ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ታሪኩን ስነግረው እዚህ ላይ «ዋሸሻት በይኝ!» ይላል። አልዋሸሁም። የእናቴ እጅ በእጄ ውስጥ ነበር፤ የእናትህን እጅ ይዘህ አትዋሽም።

«ያቻትና» አልኳት።

ከፈረንጂቱ ጋር አንድ ኮት የለበሰ ወጣት አስጎብኚ ነበር። እናቴ ፊታቸው ቆማ ብሩን ፈታ ዘረጋችው።

«ምን ሆኑ እናቴ?» አላት አስጎብኚው። «አነሰ ነው የሚሉት?»

«በዛ!»

«እንዴት?»

«በዛ ነው የምልህ! ሰላሳ ስላት ለምን ዝም አለችኝ? ጠይቅልኝ።»

ጠየቃት። ተነጋገሩ። ሳቀና ወደ እናቴ ዞረ።

«በእነሱ አገር ዋጋው ዕቃው ላይ ተጽፎ ነው የሚለጠፈው። የጠሩትን እሰጣለሁ ብላ ነው። ባርጌን አላውቅበትም አለች።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ባርጌን? ክርክር ነው እናቴ። እኛ ገበያ ላይ የምናደርገው።»

«ስም አላቸዋ!» አለች እናቴ። «ስም ካላቸው ያውቁታል ማለት ነው። በል ንገራት። እንደገና እንጀምር። እኔ ሰላሳ ብያለሁ። እሷ ትጥራ።»

ተሳላሚው መሰብሰብ ጀመረ። ፈረንጂቱ ግራ ገባት። አሰበች፣ አሰበች፣ አስጎብኚውን አየችና «ሃያ ዘጠኝ» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«ዝቅ!» አለች እናቴ፣ መዳፏን ወደ መሬት እየገፋች። «ዝቅ በይ እንጂ ልጄ! ስደቢኝ!»

«ሃያ ስምንት።»

«እኔ ልግዛላት!» አሉ አንድ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ ከኋላ። «አስራ ሁለት!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ አባቴ፤ የእርስዎን ዓይን አውቀዋለሁ!» አለች እናቴ ሳትዞር።

እኔ ቆሜ ቁጥሩን ብቻ ነበር የምሰማው። ሃያ ስምንት ላይ ቁሚ እላለሁ በሆዴ። ሃያ አምስት አለች። ሃያ አምስት ላይ ቁሚ። እናቴ ግን መዳፏን ወደ መሬት ትገፋለች፤ የእኔን አምስተኛ ክፍል በገዛ እጇ ወደ መሬት ትገፋዋለች።

ከዚያ ፈረንጂቱ ገባት። እንዴት እንደገባት እንጃ፤ ምናልባት ገበያ ላይ የሌሎቹን አይታ ይሆናል። ድንገት ፊቷን አኮሳትራ «አስራ አምስት!» አለች። ባናውን ከትከሻዋ አውርዳ እናቴ ክንድ ላይ ጣለችና ጀርባዋን ሰጥታን ሄደች!

የእናቴ ፊት በራ። እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«እንዲያ ነው!» አለች። «ነይ! አንቺ ሴት ነይ! ሃያ ሁለት!»

ፈረንጂቱ ሳትዞር እጇን አወዛወዘች። ሰዉ እልል አለ።

«ሃያ!»

ቆመች። ዞረች። «አስራ ሰባት!»

«አስራ ስምንት!» አለች እናቴ። ይህን ስትል ዓይኗ ከፈረንጂቱ ሸሸና እኔ ላይ አረፈ። «ከዚህ በታች ጉልበቴ ነው፤ ከዚህ በላይ የፈረንጂቱ ነው። ቁርጡ ይህ ነው፤ ንገራት።»

መዳፍ ለመዳፍ ተማቱ። አስራ ሁለቱን ብር መለሰችላት። ፈረንጂቱ በምልክት ግማሹን ለእኔ ልትሰጠኝ ብትሞክር እናቴ እጇን በቀስታ መልሳ ዘጋችው።

«ምርቃት ከሻጭ ነው እንጂ ከገዢ አይደለም በላት» አለችና ጉያዬ ውስጥ ያለውን ልቃቂት ሳበች። ደብተር ልገዛበት ከመስከረም ጀምሬ የፈተልኩት ግራጫ ክር ነበር። የተሸጠ ዕቃ ላይ የሆነ ነገር ሳይጨመርበት አይሰጥምና ባናው ላይ ጨመረችላት። ፈረንጂቱ በሁለት እጇ ተቀብላ እንደ ባናው አሸተተችው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ ከአፋፉ ላይ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ሳመች።

«ሁለተኛ እጥፍ አልጠራም» አለች። «ሰው ሊያምነኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ካሁን በኋላ ለማንም እጥፍ አልጠራም።»

እኔ ተከተልኳት። ዘሩን ገዛን። ከዚያ መንገዷን ወደ መንደራችን ሳይሆን ወደ ባለ ጠላዋ ቤት ስታዞረው ልቤ ደነገጠ።

ባለ ጠላዋ ጠላ እያጠለለች ነበር። ቤቱ የጌሾና የአሻሮ ሽታ ይዞታል፤ የበዓል ጠጪ ከውስጥ ይንጫጫል።

«እትዬ» አለች እናቴ ቆማ። «እህል የለኝም። በየቅዳሜው አንድ ሸክም እንጨት ከደጋ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ። ልጄ እስከ ሰኔ ትቀመጥልኝ።»

ባለ ጠላዋ ከማጥለያው ቀና ብላ አላየችንም። «እስከ ፋሲካ» አለች።

ግማሹ ነው። ሰላምታዋ ነበር፤ ወጉ ነው። አሁን እናቴ ትጮሃለች፣ «ምን አድርጌሽ!» ትላለች፣ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ባለ ጠላዋ ትጠራታለች፣ ግንቦት ይባላል፣ ከግንቦት ሰኔ ይደረሳል። እኔ እንኳ አውቀው ነበር።

እናቴ ግን ዝም አለች።

«በይ እንጂ» አለች ባለ ጠላዋ። «አንቺ በይ አሁን።»

«ያልኩት ነው።»

«ምኑን ነው ያልሽው? ገና መጀመርሽ አይደል?»

«ጨርሻለሁ እትዬ። የምችለው አንድ ሸክም ነው፤ የምፈልገው ሰኔ ነው። ሌላ የለኝም።»

«አይ የደጋ ሰው!» ሳቀች ባለ ጠላዋ። «ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ብልሃት አመጣሽብኝ?» እጇን በሻሽዋ ጠርጋ ጠበቀች። እውነቴን ነው፣ ጠበቀቻት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው። እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየኝ። ባለ ጠላዋ ዓይኗን ብታይ ኖሮ ምናልባት ታውቅ ነበር፤ እሷ ግን ማሰሮውን አየች።

«እንግዲያው ፋሲካ» አለችና ወደ ጠላዋ ተመለሰች።

እስከ ፋሲካ ተማርኩ። እናቴ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም፤ ከማለዳው ጉም ውስጥ መጀመሪያ እንጨቱ ይወጣል፣ ከዚያ እሷ ከሥሩ ትታያለች። ትምህርት ቤቱን የተውኩት ማካፈል ጀምረን ሳንጨርስ ነው። እኩል የሚካፈለውን አውቀዋለሁ፤ ቀሪ ያለውን ግን አልደረስኩበትም።

የፋሲካ ማግሥት ወስዳኝ ስንመለስ አቀበቱ ላይ ቀድማኝ ትሄድ ነበር። ቆመች። ሳትዞር፣

«እስከ መስከረም ማለት ነበረብኝ» አለች።

መንገዷን ቀጠለች፤ እኔም ተከተልኳት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳችውም፤ እጥፍም አልጠራችም። ገበያ ስትወርድ ባናዋን ከጠራችው እውነተኛ ዋጋ በግማሽ እየወሰዱባት የድካሟን ሳታገኝ ትመለስ ነበር። እኔ ስበደር፣ ስሸጥ፣ ስገዛ፣ ልጆቼን ስድር ማንም የማይረታኝ ተከራካሪ የሆንኩት በእሷ ፋንታ ነው። የልጅ ልጄንም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው።

ባለ ጠላዋን ካረጀች በኋላ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ዓይኗ ጠፍቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ማን መሆኔን ስነግራት መጀመሪያ ያነሣችው ያንን ቀን ነው።

«እናትሽ ለምን ዝም አለችኝ?» አለች። «እስከ መስከረም ብትለኝ ሰኔ ላይ እንገናኝ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ እኮ ነው። አንቺን ባወጣ ምን እጠቀማለሁ? እንዲያው አንድ ጊዜ እንኳ ‹ኧረ በማርያም› ብትለኝ!»

እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

እና ትናንት፣ ባናው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል፣ የልጅ ልጄን ጠየቅኳት።

«ዋጋውን ስትጠራልሽ ዓይኗ የት ነበር?»

«የማን?»

«የሴትዮዋ። የፍላቂቷ።»

«እኔ እንጃ እማማ» አለች፣ ስልኳን አስቀምጣ። «እኔ ባናውን ነበር የማየው።»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። እሷ ምን አጠፋች? ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው። ሴትዮዋም እንደ ሰው ሁሉ እጥፉን ጠርታ፣ ክርክሩ ሰልችቷት ሰጥታት ይሆናል። ይሆናል። ገበያ ብዙ ዓይነት ዝምታ አለው።

«ሱቃችሁ ወስደሽ ለሽያጭ እንዳትሰቅዪው» አልኳት። «በሚመጣው ገበያ ፍላቂት እሄዳለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ጋሸና ላይ መኪና ቀይረሽ? ሴትዮዋን በምን ታውቂያታለሽ እማማ? ገበያው በሙሉ ባና ነው!»

«እኔ አላውቃትም። ባናውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እዞራለሁ፤ የሠራችው እጅ ሥራዋን ታውቀዋለች።»

«ብታገኚያትስ? ምን ልትያት ነው?»

«እንደገና እንድትጠራልኝ እጠይቃታለሁ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ባናውን ከገመዱ አውርጄ ጉልበቴ ላይ አጠፍኩት። ከባድ ነው፤ የረገጠችው ሴት አልሰነፈችም። ሽታው ገና አልለቀቀም። ፊቴን ቀብሬ ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩት።